ከእድሩ ቀድሞ መድረስ
የኦፒዮይድ መድኃኒቶች አደጋ፣ መከላከያው እና ማኅበረሰባችን፦ ዳሰሳ

ሐበሻ ለለቅሶ መድረስ ያውቅበታል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ወጣት አረፈ ከተባለ ሳይመሽ ሳሎኑ በሰው ይሞላል፤ እንጀራው ከየቤቱ ይመጣል፤ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት የሚሸኝ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ይዋጣል። በምን ሞተ ሲባል ግን መልሱ አጭር ነው፤ «ድንገት ነው»፣ «ልቡ ነው አሉ»። ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

ድንገት የሞተ ሁሉ በመድኃኒት ወይም በዕፅ ሞተ ማለት አይደለም። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ በ2023 ብቻ 105,000 ያህል ሰው ከልክ ባለፈ መድኃኒትና ዕፅ ሞቷል፤ ከእነዚህ ወደ 80,000 በሚጠጉት ላይ የኦፒዮይድ እጅ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ሕዝብ በሚያልቅበት አገር እየኖርን፣ በሽታው የእኛን ደጃፍ ብቻ ዘሎ ያልፋል ማለት ራስን ማታለል ነው።

የኦፒዮይድ ሞት ከሌላው ድንገተኛ ሞት የሚለይበት ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ፋታ ይሰጣል፤ ማርከሻ አለው፤ ማርከሻውም ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ከጀርባው ላለው ሱስም የተፈተነ ሕክምና አለ። እንግዲህ የጎደለው መድኃኒት አይደለም። የጎደለው በዚያው ቤት ውስጥ ያለ፣ ምልክቱን የሚያውቅና አፉን ለመክፈት የማያፍር ሰው ነው። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ የሚያየው በዚህ ዓይን ነው።

ትንፋሽ እንዴት ይቆማል

የኦፒዮይድ ዘር ሰፊ ነው። ከኦፒየም ተክል የሚገኙት ሞርፊንና ኮዴይን፣ ከሞርፊን የሚሠራው ሄሮይን፣ በአሜሪካ ፐርኮሴትና ቫይኮዲን በሚሉ ስሞች የሚታወቁት ኪኒኖች፣ አገር ቤት በየመድኃኒት ቤቱ የሚታወቀው ትራማዶል፣ በላቦራቶሪ የሚቀመመው ፌንታኒል ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። አንጎል ውስጥ የሚያርፉበት ቦታም አንድ ነው። በልኩ ሲወሰዱ ሕመምን ያደነዝዛሉ፤ ጭንቀትን ያረግባሉ። ከልክ ሲያልፉ ደግሞ ትንፋሽን የሚያዝዘውን የአንጎል ክፍል ያስተኙታል።

ሰው ተኝቶም የሚተነፍሰው ደሙ ውስጥ የተቃጠለ አየር በተጠራቀመ ቁጥር አንጎሉ ሳንባን ስለሚያዝ ነው። ኦፒዮይድ ይህን ትእዛዝ ያዳክመዋል። ትንፋሹ ይራራቃል፣ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻ ይቆማል፤ ልብ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። በፌንታኒል ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል፤ በሚዋጥ ኪኒን ሲሆን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ከባድ፣ የሚያንቋርር ኩርፊያ ያኮርፋል። «ደክሞታል፣ ተዉት ይተኛ» ይባላል። ያ ድምፅ ግን አየር መተላለፊያ ያጣ ጉሮሮ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2019 እስከ 2021 በሞቱ ታዳጊዎች ላይ ያካሄደው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ከሟቾቹ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሲሞቱ በአቅራቢያቸው ሊደርስላቸው የሚችል ሰው ነበር፤ በአብዛኞቹ ግን ምንም ርዳታ አልተደረገም። ሰው ጠፍቶ ሳይሆን፣ የተኛ መስሎ፣ በሌላ ክፍል ተሁኖ፣ ወይም ምን እንደሚደረግ ሳይታወቅ ቀርቶ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የሰውነት መልመድ ነው። ኦፒዮይድ አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃውም። ማቆም ሲጀምር ግን ልምዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ያን ጊዜ ወደ ድሮው መጠን የተመለሰ ሰው እንደ ጀማሪ ይሞታል። በዋሽንግተን ግዛት በተፈቱ እስረኞች ላይ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከልክ ባለፈ ዕፅ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ እንደነበር አግኝቷል። ይህ ቁጥር ለእኛ ሌላም ትርጉም አለው። ልጁን ከጓደኞቹ ለመለየት ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ቤተሰብ አለ፤ ጠበል ወስዶ ወራት የሚያስቀምጥም አለ። ልጁ በዚያ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ሰውነቱም ይመለሳል። በጣም አደገኛው ሳምንት ታዲያ ሁሉም ዳነ ብሎ የተደሰተበት፣ የተመለሰበት ሳምንት ነው።

ከሐኪም ማዘዣ እስከ ሐሰተኛ ኪኒን

የአሜሪካው ቀውስ ከጎዳና አልጀመረም፤ ከሐኪም ቤት ነው የጀመረው። በ1980 አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት አጭር ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤዋ ሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ ከተሰጣቸው ሕሙማን ሱስ የያዛቸው እጅግ ጥቂት ናቸው ትላለች። ጉዳዩ ሆስፒታል ውስጥ ክትትል ስላላቸው ሰዎች ብቻ ቢሆንም፣ ደብዳቤዋ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ላይ «ሱስ አያስይዝም» ለሚለው ስብከት ማስረጃ ሆነች። በ1996 ፐርዱ ፋርማ ኦክሲኮንቲን የተባለውን ኪኒን ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ የኩባንያው ሻጮች በየሐኪሙ ቢሮ እየዞሩ ይህንኑ አስተጋቡ። ወገቡን የታመመ፣ ጥርሱን የተነቀለ፣ ጉልበቱን የተቀደደ ሁሉ የአንድ ወር ኪኒን ይዞ መውጣት ጀመረ። ኩባንያው በ2007 ከዚያም በ2020 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ2010 ይጀምራል። ኪኒኑ በቀላሉ እንዳይፈጭ ተደርጎ ሲሠራና ማዘዣው ሲጠብቅ፣ በሱስ የተያዘው ሰው ወደ ሄሮይን ዞረ። ሦስተኛው ከ2013 ወዲህ የመጣው በሕገ ወጥ መንገድ የሚቀመመው ፌንታኒል ነው። ቤልጂየማዊው ፖል ያንሰን ለቀዶ ሕክምና የፈለሰፈው ይህ መድኃኒት ከሄሮይን ሃምሳ እጥፍ፣ ከሞርፊን መቶ እጥፍ ይበረታል። ሁለት ሚሊግራም፣ ማለትም በጣት ጫፍ የምትነሳ ጥቂት የጨው ቅንጣት የምታህል፣ ያልለመደ ሰው ልትገድል ትችላለች።

አራተኛውና የዛሬው ምዕራፍ ሐሰተኛው ኪኒን ነው። ፌንታኒል ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቆ የፐርኮሴት ወይም የዛናክስ መልክ ይሰጠዋል። ክብ፣ ሰማያዊ፣ በአንድ ፊቱ «ኤም»፣ በሌላው «30» የተቀረጸበት ኪኒን ከእውነተኛው ጋር ቢያስተያዩት በዓይን አይለይም። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር ተቋም በ2023 ከመረመራቸው የፌንታኒል ሐሰተኛ ኪኒኖች ከአሥሩ ሰባቱ ገዳይ ሊሆን የሚችል መጠን ይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ «የሚሞተው ሱሰኛ ነው» የሚለው የወላጅ ማጽናኛ ዛሬ አይሠራም። ለፈተና ጭንቀት ብሎ ከስልኩ ላይ አንዲት ኪኒን ያዘዘ ተማሪም ይሞታል፤ ለዚያውም በመጀመሪያው ቀን።

መልካም ዜናም አለ። የሟቾች ቁጥር በ2024 በሩብ ያህል ቀንሶ ወደ 80,000 ወርዷል። ለምን እንደሆነ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ማርከሻው በብዛት መሠራጨቱ፣ ሕክምናው መስፋቱ፣ የፌንታኒሉ ጥንካሬ መለዋወጡ ሁሉ ይነሳል። መቀነሱ ግን ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በዋሽንግተን ዲሲ ከሟቾቹ የሚበዙት በዕድሜ የገፉ ጥቁር ወንዶች ናቸው።

እዚያ ትርፍ፣ እዚህ እጦት

አገር ቤት ያለው አንባቢ ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር ያስታውሰዋል፤ በካንሰር ተይዘው፣ ግድግዳ እየቧጠጡ ያለ ማስታገሻ የሞቱ እናት ወይም አባት። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም በዓመት ከሚሠራጨው በሞርፊን ሲሰላ 298.5 ቶን የሚሆን ኦፒዮይድ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አሜሪካን በኪኒን ያጥለቀለቀው ዓለም ለኢትዮጵያ ሕሙማን ጠብታ ነው የተረፈው።

ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሞርፊን ዱቄት ርካሽ ነው። ጥብቅ የማዘዣ ሥርዓት፣ ለማዘዝ የሚፈራ ሐኪም፣ «ሞርፊን ከተጀመረለት አበቃለት» የሚል ቤተሰብ ተደማምረው ነው። ዑጋንዳ መንገዱን አሳይታለች። ከ1993 ጀምሮ የካምፓላው ሆስፒስ አፍሪካ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ፣ ጥንካሬውን በቀለም ለይቶ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ለሕመምተኛው ቤት ያደርሳል። ከ2004 ወዲህም ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ማዘዝ ይችላሉ። በአዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በየቤቱ እየዞረ ሕሙማንን ይረዳል። ከአሜሪካ የሚወሰደው ትምህርት «ሞርፊን ሰይጣን ነው» የሚል ከሆነ፣ የሚጎዱት እነዚሁ ሕሙማን ናቸው።

የአፍሪካ ችግር በሌላ በር ገብቷል፤ በትራማዶል። ትራማዶል እንደ ሞርፊን በዓለም አቀፍ የዕፅ ስምምነቶች ሥር ስላልገባ ድንበር መሻገር አላስቸገረውም። ከሐኪም ልክ በላይ የሆኑ ጠንካራ ኪኒኖች ለዓመታት ከህንድ ወደ ናይጄሪያና ጋና ጎርፈዋል፤ ህንድ በ2018 ቁጥጥሯን አጥብቃለች። ትራማዶል «ቀላል» ስለሚባል ይናቃል። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ሱስ ያስይዛል፤ መጠኑ ሲበዛ ከትንፋሹ ማነስ በተጨማሪ እንደ የሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል።

ወደ ዓረብ አገር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትራማዶልና ኮዴይን ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ተጓዥ ከመሄዱ በፊት ከጤና ሚኒስቴሩ ፈቃድ ማግኘትና ማዘዣውን መያዝ አለበት። «ይቺን ለእህቴ አድርስልኝ፣ የራስ ምታት ኪኒን ናት» ተብሎ ቦሌ ላይ የሚሰጥ የሰው አደራ እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። በስምህ ያልታዘዘ ኪኒን አትያዝ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ማርከሻው

ናሎክሶን በ1961 በአሜሪካ ሁለት ኬሚስቶች፣ ጃክ ፊሽማንና ሞዘስ ሌዌንስታይን፣ የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡበት መድኃኒት ነው። ሥራው ቀላልና ድንቅ ነው። ኦፒዮይዱን ከተቀመጠበት አስነሥቶ ቦታውን ራሱ ይይዛል፤ የቆመ ትንፋሽ ይመለሳል። በ1971 ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ለአሥርተ ዓመታት በሆስፒታልና በአምቡላንስ ተወስኖ ቀረ፤ የሚያስፈልገው ግን መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። የፊሽማን የገዛ እንጀራ ልጁ በ2003 ከልክ ባለፈ ሄሮይን ሲሞት፣ እንጀራ አባቱ የፈለሰፈው መድኃኒት አጠገቡ አልነበረም።

መድኃኒቱን ከሆስፒታል ያወጡት ባለሥልጣናት አይደሉም። በ1996 ቺካጎ ውስጥ ዳን ቢግ የተባለ ሰውና ባልደረቦቹ ዕፅ ለሚወስዱ ሰዎች ራሳቸው ናሎክሶን ማደል ጀመሩ። «ሱሰኛን ያደፋፍራል» ተባሉ። ዛሬ ፖሊሱም፣ አስተማሪውም፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውም ይይዘዋል፤ በ2023 ናርካን የተባለው የአፍንጫ ርጭት ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ሁለት የያዘው ፓኬት በ2023 ገበያ ላይ ሲወጣ 45 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብዙ የከተማና የካውንቲ ጤና ቢሮዎች ግን በነጻ ይሰጣሉ። የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አማርኛን ስለሚጨምር፣ እዚያ ያለ አንባቢ የመንግሥት ቢሮ ገብቶ በአማርኛ የመጠየቅ መብት አለው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሰውዬው ወድቋል ወይም ተኝቷል። ስሙን ጮክ ብለህ ጥራ፤ የደረቱን መሐል አጥንት በጣትህ መገጣጠሚያ አጥብቀህ እሸው። ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ ወይም የሚያንቋርር ከሆነ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ አትጠራጠር። የሕክምና መጻሕፍት «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» ይላሉ፤ በጠይም ወይም በጥቁር ሰው ላይ ግን ከንፈርና ጥፍር አመድ ነው የሚመስሉት። የድዱንና የጥፍሩን ሥር አይተህ ለይ። 911 ደውል። ነጩን ፕላስቲክ ከማሸጊያው አውጣ፤ ሰውዬውን በጀርባው አስተኛ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርግ፤ ጫፉን አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ እስከ ጣቶችህ አስገባና ከሥር ያለውን በአውራ ጣትህ እስከ መጨረሻው ተጫን። አስቀድመህ አትሞክረው፤ በእያንዳንዱ ፕላስቲክ ውስጥ ያለችው አንድ ርጭት ብቻ ናት። ከዚያ አፍንጫውን ይዘህ በየአምስት ሰከንዱ አንዴ በአፉ ትንፋሽ ስጠው። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን በሌላኛው ቀዳዳ ስጥ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኛው።

ውኃ አትድፋበት፤ ወተት ወይም ቡና አታጠጣው፤ ሽንኩርት አታሽትተው፤ ክብሪትም አትለኩስ። እነዚህ ደቂቃ ይበላሉ እንጂ ትንፋሽ አይመልሱም። ሰውዬው የወደቀው በሌላ ምክንያት ቢሆንም ናሎክሶን አይጎዳውም። ነቅቶ ቢቆጣ ወይም ቢያስታውክ አትገረም። የናሎክሶን ኃይል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ኦፒዮይዱ ከዚያ በላይ ሊቆይና ሰውዬው ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ አምቡላንሱን መልሱት» ቢልም አትተወው።

ይህን ማወቅ ያለበት በቤቱ ሱስ ያለበት ሰው ብቻ አይደለም። በዲሲና በአካባቢው ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚያድረው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ በየቤቱ አረጋውያን የሚንከባከበው ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። ከማንም በፊት በወደቀ ሰው ላይ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ከማርከሻው በኋላ

ናሎክሶን ሰውን ለዛሬ ያተርፈዋል፤ ለነገ ሕክምና ያስፈልጋል። ኦፒዮይድ በድንገት ሲቋረጥ አጥንት ይቆረጥማል፣ ላብና ተቅማጥ ይበረታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። «ቆራጥ ከሆንክ ትተወዋለህ» የሚለው ምክር ይህን አያውቅም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ሜታዶን ሰውን ከዚህ ሥቃይ አውጥቶ ወደ ሥራው እንደሚመልሰው አሳዩ። ቡፕረኖርፊን የሚባለው ሁለተኛው መድኃኒት፣ ብዙዎች ሱቦክሶን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት፣ በአሜሪካ ከ2002 ጀምሮ ይታዘዛል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህም ሐኪሙ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም፤ የቤተሰብ ሐኪም ማዘዝ ይችላል።

«ታዲያ ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለም ወይ?» ይባላል። መልሱ ከውጤቱ ይታያል። ሁለቱ መድኃኒቶች የመሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። ፈረንሳይ በ1995 ማንኛውም ሐኪም ቡፕረኖርፊን እንዲያዝ ስትፈቅድ፣ ከልክ ባለፈ ዕፅ የሚሞተው ሰው በአራት ዓመት ውስጥ በ80 በመቶ ያህል ቀነሰ። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም አልቆሙም፤ ታንዛኒያ በ2011 በሙሂምቢሊ ሆስፒታል፣ ኬንያ በ2014 የሜታዶን ሕክምና ጀምረዋል። በአንጻሩ ሀብታሟ አሜሪካ ውስጥ ሕክምናው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መድኃኒቱን የሚያገኙት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው።

ጠበሉስ? ኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ መልሳዋለች። ለኤች አይ ቪ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚሄዱ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናገሩ። ያ ቃል ብዙ ሰው ከመሞት አድኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬም ካህን «ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ውሰድ» ቢል፣ የመስጊድ ኢማምም በጁምዓ ይህንኑ ቢያነሳ፣ ሐኪም በአሥር ቀጠሮ የማያሳምነውን በአንድ ቀን ያሳምናሉ።

ሕግና ፍርሃት

ሰዎች ለምን አይደውሉም? አንዱ ምክንያት ፖሊስ ነው። ለዚህም ሲባል ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ርዳታ ጠርቶ የሰውን ሕይወት ለማትረፍ የሞከረን ሰው ለግሉ በያዘው ጥቂት ዕፅ እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አላቸው። ጥበቃው እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ዕፅ ለሚሸጥም አይሠራም። ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የዕፅ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነው ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ይህን ሊነግረው ይገባል። ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ ከማለት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። ሕክምና መግባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሱስ ሕክምና መዝገብ በፌዴራል ሕግ ከሌላው የሕክምና መዝገብ በበለጠ ጥብቅ ጥበቃ አለው።

ስለ ሕጉ አቅጣጫ ያለው ክርክር ገና አልበረደም። ፖርቱጋል በ2001 ለግል የሚሆን ጥቂት ዕፅ መያዝን ከወንጀል አውጥታ ሰውን ወደ ሕክምና የሚያቀርቡ ኮሚሽኖች አቋቋመች፤ ሕክምናውንም አብራ አስፋፋች። የአሜሪካዋ ኦሪጎን በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተመሳሳይ እርምጃ ወሰደች፤ ሕክምናው ግን ዘገየ፣ የጎዳናው ቅሬታ ቀደመ፤ በ2024 መያዝ እንደገና ወንጀል ሆነ። ሁለቱን ያነጻጸረ የሚያገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ቅጣት ማንሳት ብቻውን ሕክምና አይሆንም።

ከቤት እስከ እድር

ቤት ውስጥ የሚደረገው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ኪኒን በመሳቢያ አይቀመጥ፤ ይቆለፍበት ወይም ወደ መድኃኒት ቤት የመመለሻ ሣጥን ይመለስ። የጎረቤት ወገብ ሕመም የእኛ ሕመም አይደለምና የእሱን ኪኒን መዋስ ይቅር። ኦፒዮይድ ከአልኮል ወይም ከእንቅልፍና ከጭንቀት ኪኒን ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽን ከሁለት በኩል ያዳክማል። ሐኪም ማስታገሻ ሲያዝ «ይህ ኦፒዮይድ ነው? ለስንት ቀን?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በአሜሪካ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል፤ ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ፣ በተለይ የሚነገረው ስለራሱ ሲሆን፣ እውነቱ እንዳይነገር መንገድ መክፈት ነው።

ልጁ በሱስ ከተያዘም፣ ማባረር ይቀናናል፤ «ከቤቴ ውጣ፣ ስትሻል ትመለሳለህ»። የተባረረ ሰው ብቻውን ይወስዳል፤ ብቻውን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲወድቅ ናሎክሶን የሚረጭለት የለም። ቤተሰብን አሠልጥኖ፣ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት እንዲያቀርቡት፣ ሕክምና የሚለውን ሐሳብ በቁጣ ሳይሆን በሰላም ሰዓት እንዲያነሱ የሚያስተምሩ ዘዴዎች ከማባረር ይልቅ ሰውን ወደ ሕክምና ያመጣሉ።

ሚስጥሩን የሚያጠናክረው ነውር ነው፤ ነውርን ደግሞ ግለሰብ ብቻውን አይሰብረውም። እድሮችና ማኅበራት ግን ይችላሉ። በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ለናሎክሶን ሥልጠና መመደብ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በመስጊድ ግድግዳ ከእሳት ማጥፊያው ጎን አንድ ፓኬት መስቀል፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ አንድ ገጽ ጽሑፍ ማደል ቀላል ሥራ ነው። አንድ ቤተሰብ «ልጃችን በፌንታኒል ነው የሞተው» ብሎ በለቅሶው ላይ ሲናገርም፣ ያ ቤተሰብ ለሌሎች ልጆች የሚያደርገውን ውለታ ማኅበሩ በአክብሮት ይቀበለው፤ ሹክሹክታ አይመልስለት።

ገንዘብ የለም ማለትም አይቻልም። መድኃኒት አምራቾች፣ አከፋፋዮችና ፋርማሲዎች ለአሜሪካ ግዛቶችና ካውንቲዎች ሊከፍሉ የተስማሙት ካሳ ከ50 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ ክፍያው ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል፤ በትልቁ ስምምነት መሠረትም አብዛኛው ለመከላከልና ለሕክምና መዋል አለበት። ብዙ ካውንቲዎች ድርሻቸውን እንዴት እንደሚያወጡ የሚወስኑት ሕዝብ ሊገኝበት በሚችል ስብሰባ ነው። በአማርኛ የሚሠራ የሱስ አማካሪ፣ ለሌሊት ሠራተኞች ሥልጠና፣ ለቤተሰቦች የድጋፍ ቡድን፣ ሁሉም በዚህ ገንዘብ ሊሠራ ይችላል። ገንዘቡ የመጣው በሞቱት ሰዎች ስም ነው፤ የሚመደበው ግን ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ለጠየቀ ነው።